ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?
(ከማርስ ሥዕሎች ለክፍላችን የምናገኘው ትምህርት)



«ማርስ ላይ የሰው ፊት ተቀርጾ ተገኘ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሠልጣኝ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ወሬው ያረጀ ቢሆንም አሁንም በየጊዜው ብቅ ይላል። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፣ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «አዎ» ነው፤ ሁለተኛው «ተወው፣ የማይረባ ወሬ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ልጁን ያሳስተዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መልስ ለማቅረብ እንሞክራለን፤ ይኸውም ልጁን ራሱን ፎቶግራፍ አንባቢ ማድረግ ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።

1. ማየትና መተርጎም

ከፎቶግራፍ ፊት ስንቆም ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ እንሠራለን። «እዚህ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ» ስንል ያየነውን መናገራችን ነው። «ጥቁሩ ነጥብ ዓይን ነው» ስንል ግን መተርጎማችን ነው። ሁለቱ ሥራዎች በጣም ስለሚፈጥኑ አንድ ሥራ ይመስሉናል። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት ለዚህም ይሠራል፤ ልባችን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ዓይናችን ቶሎ ያገኘዋል።

ስለዚህ ፊት አየሁ ያለው ተማሪ ውሸታም አይደለም። ብርሃንና ጥላውን በትክክል አይቷል። የቀረው ሁለተኛው ሥራ ነው። ይህንን ለመረዳት የማርስ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

2. ያልነበሩት ቦዮች

በ1877 ሚላኖ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ማርስን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ቀጫጭን መስመሮች አየ። በቋንቋውም «ካናሊ» አላቸው። ቃሉ በጣሊያንኛ ውሃ በተፈጥሮ የሚወርድበትን ፈፋም ሆነ ሰው የቆፈረውን ቦይ ሊያመለክት ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲዛወር ግን የተቆፈረ ቦይ የሚለውን ትርጉም ብቻ ይዞ ቀረ። ቦይ ካለ ታዲያ ቆፋሪ መኖሩ ነው! አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 አሪዞና ውስጥ፣ ፍላግስታፍ በተባለው ስፍራ፣ የራሱን የፈለክ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋመ። የማርስ ነዋሪዎች ከዋልታው በረዶ ውሃ እየሳቡ የሚደርቀውን ምድራቸውን ያጠጣሉ እያለም በመጻሕፍቱ አስፋፋ።

ጥርጣሬውን ወደ ክፍል ውስጥ ይዞ የገባው በግሪኒች የፈለክ መመልከቻ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ዎልተር ሞንደር ነው። ሞንደር በ1903 ካወጣው ሙከራ፣ ከኢቫንስ ጋር ሆኖ ግሪኒች ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት ልጆች ፊት ማርስን የሚመስል ክብ ሥዕል ሰቀለ። ሥዕሉ ላይ የተበታተኑ ነጥቦችና ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ጥላዎች እንጂ ቦይ አልተሣለም ነበር። ልጆቹ በተለያየ ርቀት ተቀምጠው ያዩትን እንዲሥሉ ታዘዙ። ቅርብ የነበሩት ዝርዝሩን ለዩ። ሩቅ የነበሩት ዝርዝሩን ሊያዩት አልቻሉም። መካከል ከነበሩት ግን ቀጥ ያሉ መስመሮችን የሣሉ ተገኙ!

ልጆቹ አልዋሹም፤ ያሰመሩትም ተማክረው አልነበረም። የዓይን አቅም ሊያልቅ ሲል አእምሮ የተበታተኑትን ነጥቦች ያያይዛቸዋል። ሎዌል በሺህ ኪሎ ሜትሮች ወጪ ሳይሆን በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆኖ የገጠመው ይኸው ነበር።

ጁላይ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ ስታልፍ 22 ፎቶግራፎች አነሣች። ቦይ አልታየም፤ የታዩት ከጠፈር የወደቁ ድንጋዮች የፈጠሯቸው ክብ ጉድጓዶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙዎች «ማርስማ እንደ ጨረቃ የሞተች ናት» ወደሚል መደምደሚያ ተቻኮሉ። ነገር ግን ፎቶግራፎቹ የሸፈኑት ከፕላኔቷ ገጽ አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። የአንድ ማሳ ጥግ አይቶ ስለ አገሩ ሁሉ አዝመራ እንደ መናገር ነው። እንግዲህ «የለም» ባይም እንደ «አለ» ባዩ ሊቸኩል እንደሚችል ልብ እንበል።

3. ከአቧራው በላይ የታዩት አራት ነጥቦች

ኖቬምበር 1971 ማሪነር 9 ማርስ ደረሰች። ከምድር ሌላ ፕላኔትን ለመዞር የመጀመሪያዋ መንኮራኩር እርሷ ናት። ነገር ግን ፕላኔቷን ከዳር እስከ ዳር የአቧራ ማዕበል ሸፍኗት ነበርና ካሜራው የሚያነሣው ባዶ ነገር ሆነ። በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል የታዩት ጥቂት ምልክቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጎልተው የወጡት አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው።

ምን ይሆኑ? ተመራማሪዎቹ እንዲህ እያሉ አሰቡ። ነጥቦቹ ቦታቸውን ስለማይለቁ ደመና አይደሉም። አቧራው ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ እነርሱን ካልሸፈነ፣ ከአቧራው በላይ የወጡ ከፍታዎች መሆን አለባቸው። ቀረብ ተብሎ ሲታይ ደግሞ በየነጥቡ ውስጥ ክብ ጎድጓዳ አለ። በአራት የተራራ ጫፎች ላይ፣ በአራቱም ላይ፣ ድንጋይ ወድቆ ጉድጓድ ቆፈረ ማለት የሚያስኬድ አይደለም። ጫፉ ላይ ጎድጓዳ ያለው ተራራ ግን እሳተ ገሞራ ነው። አቧራው ሲረግፍ ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከአራቱ አንዱ ኦሊምፐስ ሞንስ ሲሆን፣ ከፍታው 22 ኪሎ ሜትር፣ የግርጌው ስፋት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ በቀስታ እየተደራረበ የሠራው፣ ጎኑ ያልቆመ ሰፊ ተራራ ነው። በአገራችን በአፋር የሚገኘው ኤርታሌም፣ በመጠኑ እጅግ ቢያንስም፣ በቅርጹ የዚሁ ወገን ነው።

ማሪነር 9 ሥራዋን እስክትጨርስ 7,329 ፎቶግራፎች ላከች። የደረቁ የወንዝ ሸለቆዎችና 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ታላቅ ገደል ታዩ። «እንደ ጨረቃ ናት» የሚለውም አባባል በዚያው ቀረ።

4. «ፊቱ»

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ጁላይ 25 ቀን 1976 ቫይኪንግ 1 ለእኅቷ ለቫይኪንግ 2 ማረፊያ ቦታ በመፈለግ ላይ ሳለች፣ ከ1,873 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲዶንያ የተባለውን አካባቢ ፎቶግራፍ አነሣች። በፎቶግራፉ ላይ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ያለው የሚመስል ነገር ታየ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ፎቶግራፉን ሲያወጣ፣ ፊት ያስመሰለው ጥላ መሆኑን አብሮ ገልጾ ነበር። ሕዝቡ ግን ሥዕሉን ያዘ፤ ማብራሪያውን ተወው።

እስቲ እኛ በእርጋታ እናንብበው።

አንደኛ፣ ስሌት። ከሩቅ የተላከ ፎቶግራፍ በነጥቦች የተሠራ ነው፤ በጥልፍ እንደሚሠራ ሥዕል ማለት ነው። በዚያ ፎቶግራፍ አንዲት ነጥብ በመሬቱ ላይ ወደ 50 ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። «ፊት» የተባለው ነገር ስፋቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 1,500ን ለ50 ብናካፍል 30 እናገኛለን። ስለዚህ ያ ሁሉ ወሬ የተወራለት ፊት በአግድም 30 ነጥብ ብቻ ነው! አንዷ ነጥብ ደግሞ 50 በ50 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት ናት። በውስጧ አለት ይኑር ገደል፣ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ይሆናል። በዚያ ላይ ምስሉ በሬድዮ ሲተላለፍ አንዳንድ ነጥቦች ጠፍተው ጥቁር ሆነው ቀርተዋል። ከእነዚህ የጠፉ ነጥቦች አንዷ የአፍንጫ ቀዳዳ ሆና ታየች።

ሁለተኛ፣ ብርሃን። በዚያን ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ በላይ ወደ 20 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ነበር። በሒሳብ እንደተማርነው፣ በዚህ ማዕዘን ሜዳ ላይ የሚያርፍ ጥላ የነገሩን ቁመት 2.75 ጊዜ ያህል ይረዝማል። 100 ሜትር የሚሆን ጉብታ የ275 ሜትር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ትንሹ ስርጉድ ጥልቅ ዓይን፣ ትንሹ ጉብታ ረጅም አፍንጫ ይሆናል። የ«ፊቱ» ግማሽ ጎን ጨርሶ ጨለማ ነበር። ያንን ጎን የሞላው የተመልካቹ አእምሮ ነው።

ሦስተኛ፣ እኛ ራሳችን። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፊት መለየት የሚችል ፍጡር ነው። በደመና ላይ፣ በጨረቃ ላይ፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ፊት የምናየው ለዚህ ነው። ፊት በቀላሉ የሚታየን መሆኑ ብቻውን ፊት ስለመኖሩ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ግምት በግምት አይረታም፤ ሌላ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው መንኮራኩር ኤፕሪል 1998 ያንኑ ቦታ በድጋሚ አነሣችው፤ ነጥቧ ወደ 4.3 ሜትር ዝቅ ብላ ነበር። ፊት አልታየም። አንዳንዶች «በዕለቱ ሰማዩ ደመናማ ስለነበር ምልክቱ ተሸፍኖ ነው» አሉ። ይህ መከራከሪያ ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ተመረመረ። ኤፕሪል 2001 ጥርት ባለ ቀን፣ ነጥቧ 1.56 ሜትር በሆነች ፎቶግራፍ እንደገና ተነሣ። 30 ነጥብ የነበረው ስፋት ከ900 ነጥብ በላይ ሆነ። ከዚህም ሌላ፣ በዚያችው መንኮራኩር ላይ ያለው የጨረር መለኪያ የመሬቱን ከፍታ ለክቷል፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ በጥላ የሚታለል አይደለም።

ታዲያ ምን ተገኘ? አምባ! ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሰፋ ያለ፣ ዙሪያውን መሬቱ ተሸርሽሮ እርሱ የተረፈ አምባ ነው። የእኛ አገር ሰው አምባን ከማንም በላይ ያውቃል። በሲዶንያም መሰል አምባዎችና ኮረብታዎች በዙሪያው ሞልተዋል። አንዱን ነጥሎ ላየ ፊት የመሰለው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲታይ ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ።

5. ወቅትን የሚጠይቁ ምልክቶች

አንዳንድ ምልክት ደግሞ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ቢነሣ በአንድ ፎቶግራፍ አይፈታም። በማርስ ደቡብ ዋልታ አካባቢ እግራቸውን የዘረጉ ሸረሪቶች የሚመስሉ ቅርጾች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ስፋታቸው ብዙ መቶ ሜትር ነው። በጸደይ አጠገባቸው ጥቁር ማራገቢያ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ በኋላ ይደበዝዛል። «ዛፍ ነው፤ ቅጠል አወጣ፣ አረገፈ» ያሉም ነበሩ።

ሂዩ ኪፈርና ጓደኞቹ በ2006 ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። በማርስ ክረምት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ረግቶ መሬቱን እንደ መስተዋት ይሸፍናል። ጸደይ ሲገባ የፀሐይ ብርሃን ይህን በረዶ ዘልቆ ከሥሩ ያለውን አፈር ያሞቃል። የታችኛው በረዶ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይታመቃል፤ ክዳኑ እንደ ተጫነ ድስት ማለት ነው። በመጨረሻም ስንጥቅ አግኝቶ ፈንድቶ ሲወጣ አቧራ ይዞ ይወጣል፤ አቧራውን ነፋስ ወደ አንድ ወገን ይበትነዋል፤ ይህ ጥቁሩ ማራገቢያ ነው። ጋዙ ወደ መውጫው ሲሮጥ በአፈሩ ላይ የቦረቦራቸው መስመሮች ደግሞ የሸረሪቱ እግሮች ናቸው። ይህንን ለመረዳት የማርስን ዓመት፣ 687 የምድር ቀናትን፣ በወቅት በወቅቱ መከታተል አስፈልጓል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2011 ይፋ የሆኑት ጥቁር ጭረቶች ናቸው። ማርስ ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ካሜራ፣ ነጥቧ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነች ፎቶግራፍ፣ በተዳፋት ላይ በሞቃት ወቅት የሚረዝሙ፣ በብርድ ጊዜ የሚደበዝዙ ቀጫጭን ጭረቶች አሳየ። የሚፈስ ጨዋማ ውሃ ይሆን? በ2015 በአንዳንዶቹ ቦታዎች ውሃ ያዘለ ጨው ምልክት ታየ በመባሉ የውሃው ሐሳብ ተጠናከረ። በ2017 ግን ሌላ ጥናት ተዳፋቱን በዲግሪ ለካ። ጭረቶቹ የሚገኙት 27 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ተዳፋቱ ከዚያ ሲቀንስ ይቆማሉ። ውሃ ቢሆን ኖሮ ቀለል ባለው ቁልቁለትም ይቀጥል ነበር። እህል ከጆንያ ሲገለበጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ክምሩ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሊቆም አይችልም፤ ከጎኑ የሚንሸራተተውም ፍሬ ቁልቁለቱ ሲያንስ ይቆማል። ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ነው የሚለው ትርጉም ክብደት አገኘ።

እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን፣ ውሃ ያሉት ሰዎች ቀልደኞች አለመሆናቸውን ነው። ምልክቱን በጥንቃቄ አይተዋል፤ ምክንያታቸውንም አስቀምጠዋል። ምክንያቱ በግልጽ ስለተቀመጠ ሌላው ሰው ሊለካው ቻለ።

6. በክፍላችን ውስጥ

ይህን ሁሉ ለማስተማር ቴሌስኮፕም ቤተ ሙከራም አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ልንመደብ ስለምንችል፣ በእጅ ባለ ነገር የሚሠሩ ሦስት መርጃዎችን እንጠቁማለን።

ሀ. የጠመኔ ሙከራ፦ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ሰሌዳው ላይ ክብ ሥሩ። በውስጡ ትናንሽ ነጥቦችን ያለ ሥርዓት በትኑ፤ መስመር ግን አታስምሩ። ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ የተቀመጡት ሳይነጋገሩ ይገልብጡት። ከዚያ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ስቀሉ። የሞንደር ሙከራ ይኸው ነው።

ለ. የአፈር ሙከራ፦ ትሪ ላይ ደቃቅ ደረቅ አፈር አንጥፉ። መካከሉ ላይ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ አምባ ሥሩ፤ በጣት ሁለት ሦስት ቦታ ሰርጎድ አድርጉት። መስኮቱን ዝጉና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ተማሪዎቹ ከላይ ሆነው የሚያዩትን ይሣሉ። ቀጥሎ ባትሪውን ከላይ አብሩና እንደገና ይሣሉ። አፈሩን ማንም አልነካውም፤ ሥዕሉ ግን ተለወጠ!

ሐ. የመገልበጥ ሙከራ፦ ጉድጓድ የሚታይበት የጨረቃ ወይም የማርስ ፎቶግራፍ ከመጽሐፍ ፈልጉና ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ መቁጠር ስለለመደ ነው። ስለዚህ «ጉድጓድ ነው» ከማለት በፊት ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች መጠየቅ ግድ ነው።

በሙከራዎቹ ጊዜ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በግራ «ያየነው»፣ በቀኝ «የተረጎምነው» ብሎ መጻፍ በጣም ይረዳል። ተማሪው የተናገረውን ሁሉ ከሁለቱ በአንደኛው ሥር ያስገባ። መጀመሪያ ላይ ይከራከራሉ፤ ትምህርቱም ያ ክርክር ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው ሁሉ ከሰማይ የተነሣ ማንኛውም ፎቶግራፍ ሲያጋጥመን የምንጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች እናወጣለን።

– አንዲት ነጥብ ስንት ሜትር መሬት ትሸፍናለች?
– ፀሐይ በየት በኩል፣ በምን ያህል ከፍታ ላይ ነበረች?
– በካሜራውና በመሬቱ መካከል አቧራ ወይም ደመና አለ? ወቅቱስ ምንድን ነው?
– በዙሪያው ያለው መሬት ምን ይመስላል?
– ሌላ ምን ትርጉም ሊሰጠው ይችላል? ሁለቱን ትርጉሞች የሚለያቸውስ ምን ዓይነት መለኪያ ነው?

አምስተኛዋ ጥያቄ የመምህር ጥያቄ ናት። እኛ በክፍል ፊት ስንቆም ተማሪው የምንናገረውን ይዞ ቤቱ ይሄዳል፤ ለታናናሾቹም ያስተላልፋል። «ቲቸር ብሏል» የሚባለው ቃል ክብደት አለው። መልስ ብቻ ይዞ የሄደ ልጅ፣ ነገ ሌላ ወሬ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። ጥያቄዎቹን ይዞ የሄደ ልጅ ግን እኛ በሌለንበትም ያነባል። «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ለሚለውም «ና፣ አብረን እንለካው» ማለት የምንችለው እኛ ራሳችን አስቀድመን መለካትን ስንለምድ ነው።

መልመጃ

1. ፀሐይ 20 ዲግሪ ላይ ሳለች አንድ አምባ ሜዳ ላይ 330 ሜትር ጥላ ቢጥል፣ የአምባው ቁመት ስንት ነው?
2. ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ አለት ነጥቧ 50 ሜትር፣ 1.56 ሜትርና 30 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሦስት ፎቶግራፎች ላይ ስንት ነጥብ ይሆናል? በየትኛው ቅርጹን ለመናገር እንደፍራለን?
3. አራቱን የማሪነር 9 ጥቁር ነጥቦች «ደመና ናቸው» ላለ ተማሪ፣ ስሕተት ነህ ሳትሉ፣ ራሱ እንዲደርስበት የሚያደርጉ ሁለት ጥያቄዎች አዘጋጁ።

መልሶቻችሁን ለግድግዳ ጋዜጣው ኮሚቴ አድርሱልን። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የመምህሮቻችንንም አስተያየት እንጠብቃለን።